ጎተራው ለማን ነበር?
ከገዳሪፍ እስከ መተማ፦ የማሽላና የሰሊጥ ፖለቲካ ቅኝት

እ.ኤ.አ. በ1985 በኮርዶፋንና በዳርፉር ድርቅ ላደቀቀው ሕዝብ ከአሜሪካ በመርከብ የመጣ ማሽላ ተሰፈረለት። ሕዝቡም እህሉን «ሬገን» ብሎ ጠራው፤ በጊዜው በነበሩት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የሱዳን ማሽላ ከፖርት ሱዳን እየተጫነ ቀይ ባሕርን ይሻገርና ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ለእንስሳት መኖ ይውል ነበር። የወጣውም የገባውም ማሽላ ነው። ሲወጣ ገንዘቡን የቆጠረውና ሲገባ ሰልፍ የቆመው ግን ለየቅል ናቸው።

ሱዳን ለገበያ የሚተርፍ ማሽላ ከምታፍስባቸው ቦታዎች ዋነኛው ገዳሪፍ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ገዳሪፍ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ስደት ነው፤ ከጎንደር በመተማ የወረደ፣ ከትግራይ በሑመራና በሐምዳይት የተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ሊቢያ ያመራ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። እዚህ የማነሣው ግን እህሉን ነው። ስለ ፍትሐዊና ዘላቂ የግብርና ፖሊሲ ብዙ ሰነድ ይጻፋል፤ ፖሊሲ ፍትሕን ሲረሳ አፈሩም ሰውም ምን እንደሚሆን ለማየት ግን ከዚህ ድንበር የተሻለ ቦታ አላውቅም። (የሱዳኑን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ልብ ማለት ነው።)

አገሩ አንድ አገር ነው። ከጎንደር ደጋ ቁልቁል ወርደው መተማ ሲደርሱ፣ ከመተማ ድልድዩን አልፈው ገላባት፣ ከዚያም ዶካና ገዳሪፍ ሲሉ መሬቱ አይለወጥም፦ ዋልካ ነው። በክረምት ጫማ ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እኛ ጓንግ የምንለው ወንዝ ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ሰቲት ይሆንና ይከተለዋል። ሰሊጥና ማሽላ ያለ ብዙ ጣጣ የሚበቅሉት እዚህ ነው። ግራር፣ ሙጫ የሚሰጠው ሐሻብና የዕጣኑ ዛፍም ነበሩ። «ነበሩ» ያልኩት በሐዘን ነው።

ድንበሩ መስመር ከመሆኑ በፊት ገበያ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ገላባት ላይ የሐበሻ ቡና፣ ሰም፣ ከብትና፣ ለማለት የሚከብድ ቢሆንም፣ ባሪያም ከሱዳን ጥጥና ጨው ጋር ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ ጦር መጣ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሲሞቱ፣ በሁለቱም ወገን ያለው ገበሬ ከጦርነቱ የከፋ ነገር ውስጥ ገብቶ ነበር። በእኛ በኩል የደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ጀምሯል። በማህዲስቶቹ ሱዳንም በሂጅራ 1306 የወደቀው ረሃብ እስከ ዛሬ «ዓመተ ስድስት» ተብሎ ይታወሳል። ሁለት ጠላት መንግሥታት በአንድ ወቅት ተራቡ። ድርቁ ለሁለቱም አንድ ነበር፤ ግን ሁለቱም የየራሳቸውን ሠራዊት ከገበሬው ጎተራ ይቀልቡ ነበርና ረሃቡን ድርቅ ብቻውን አላመጣውም። ይህን ያነሣሁት ጎተራውን ለሠራዊት የማድረጉ ልማድ ከዚያ ወዲህም ስላልቀረ ነው።

የዘመናዊው ታሪክ መነሻም ሠራዊት ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የባቡር ሐዲድ ገዳሪፍ ደረሰና እህል ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ተከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዞች ለሠራዊታቸው እህል ሲያስፈልጋቸው ዓይናቸው በዚህ ዋልካ ላይ አረፈ። በ1944 ገዳምበሊያ በተባለው ስፍራ ትራክተርና ዲስክ ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሰው የለም፣ መሬት ሞልቷል፣ ማሽን ይረስ።

ማሽኑ ግን ማረስና መዝራት ብቻ ነበር የሚችለው። ማሽላው ሲበቅል አረሙም አብሮ በቀለ፤ አረምን የሚነቅል፣ ሲደርስም የሚያጭድ እጅ ተፈለገ። መንግሥት የእኩል እርሻ ሞከረ፤ እሱ ያርሳል፣ ተጋሪው ያርማል፣ ያጭዳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። አልሰመረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መሬቱ በ1,000 ፈዳን እየተሸነሸነ ለግል ባለሀብት ይከራይ ጀመር። አንዱ ሽንሽን ወደ 420 ሄክታር ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሄክታር ይዞ ለሚያድር የደምቢያ ገበሬ ይህ ቀበሌ እንጂ ማሳ አይመስለውም። ተከራዮቹ የገዳሪፍና የኦምዱርማን ነጋዴዎች፣ ጡረታ የወጡ መኮንኖችና ባለሥልጣናት ነበሩ። ብዙዎቹ ክረምቱን ከተማ ከርመው ለመኸር ብቅ የሚሉ ናቸው።

በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም ብድር ሰጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1970፣ የጃዕፈር ኒሜሪ ወታደራዊ መንግሥት ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ሕግ አወጣ። አንድ ሰነድ እንዲህ ብዙ ሰው ከመሬቱ ላይ ሲያነሣ በሱዳን ታሪክ ብዙ አልታየም። የሹክሪያ ግመል አርቢዎች የቡጣናን ግጦሽ ሲጠብቁበት የኖሩት ባህላዊ መብት በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። ማን ሊመዘግብላቸው?

በኔ ግምት ሁሉን ያበላሸው ግን የኪራዩ ዋጋ ነው። መንግሥት ለአንድ ፈዳን ያስከፈለው ገንዘብ ለስም ያህል ነበር። ኪራዩ ርካሽ ሲሆን መሬትን መንከባከብ ኪሳራ ይሆናል፤ ማሳው ሲደክም ማዳበሪያ ከማስገባት፣ ሰብል ከማፈራረቅ፣ ከማሳረፍ ይልቅ ትቶ ወደ አዲሱ ጫካ መግፋት ያዋጣል። ውሉ መሬቱን በየተራ አሳርፍ ይላል። የ1989ኙ የደን ሕግም በዝናብ የሚያለማ ባለይዞታ ከመሬቱ 10 በመቶውን በዛፍ እንዲሸፍን ያዛል። የሚቆጣጠር አልነበረም፤ ቢኖርም ቅጣቱ ከትርፉ ያንሳል። እናም ማሽላ በማሽላ ላይ ተዘራ፤ አቀንጭራ ሥሩን ጨበጠ፤ ምርቱም በሄክታር እየወረደ ሄደ። ጠቅላላው ምርት የቆመው መሬቱ እየሰፋ ስለሄደ ብቻ ነው፤ ከተፈቀደው ክልል ውጭ ያለ ፈቃድ የሚታረሰው መሬት ከተፈቀደው ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ ደረሰ።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2007 ባወጣው የሱዳን ጥናት ላይ ስለ ገዳሪፍ የሰፈረው አሃዝ ብዙ ይናገራል። በ1941 ወደ 3,150 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው እርሻ በ2002 ወደ 26,000 ደረሰ። ከግዛቱ 78.5 በመቶ የነበረው ደንና ግጦሽ ወደ 18.6 በመቶ ወረደ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው።

አርቢው የት ሄደ? በሕጉ መሠረት የከብት መሸጋገሪያ መንገዶች ተከልለውለታል፤ በመሬቱ ላይ ግን መንገዱ እየጠበበ፣ አንዳንዱም ዲስክ ገብቶበት ማሳ ሆኗል። አርቢው ከብቱን ሲያሳልፍ በማሽላው ውስጥ ያልፋል፤ ገበሬው ካሳ ይጠይቃል፤ ነገሩ ዱላ፣ ከዱላም በላይ ይሆናል። በእኛ ሬዲዮ «የጎሳ ግጭት» ተብሎ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የመንገድ ክልል ጉዳይ ነው።

በ1970ዎቹ ነዳጁ ሲወደድ ዓረቦቹ ገንዘብ፣ ሱዳን መሬት ነበራትና «የዓረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት» የሚለው ሕልም ተወለደ። በ1976 የዓረብ የግብርና ኢንቨስትመንትና ልማት ባለሥልጣን ካርቱም ላይ ተመሠረተ። በዚያው ዘመን የገዳሪፍን ገበያ ያየ ሰው ሕልሙን ማመኑ አይገርምም፤ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው፣ እስከ 100 ሺህ ቶን የሚይዘው ሳይሎ ከሩቅ ይታያል፤ ጨረታው በየማለዳው ይደምቃል።

ነገር ግን ያው መንግሥት ለከተሜው የስንዴ ዳቦ ይደጉም ነበር፤ ስንዴው በብዛት የሚመጣው ከውጭ ነው። ገጠሩ የሚበላው ክስራና አሲዳ፣ ማለትም ስስ እንጀራና ገንፎ፣ ከማሽላ ነው። ማሽላ ለባለሀብቱ ትርፍ፣ ለመንግሥት ዶላር፤ ስንዴ ደግሞ ለከተማው ጸጥታ። የሱዳን የምግብ ፖሊሲ በአጭሩ ይኸው ነበር። ጸጥታውም አልጸናም፤ በ1985 የዋጋ ንረት ያስነሣው የሕዝብ ዐመፅ ከኒሜሪ ውድቀት ጋር ተያይዟል። በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) የዳቦ ድጎማ ሲነሣ አትባራ ተቀጣጠለች፤ በማግስቱ ገዳሪፍ ላይ ሰልፈኞች ተገደሉ። ማሽላ በሚታፈስበት ከተማ ሰው በዳቦ ዋጋ ሞተ። በመካከሉ የመጣው የአል በሽር መንግሥት የዘራነውን እንብላ፣ የሠራነውን እንልበስ የሚል መፈክር ይዞ ነበር፤ ጥሩ መፈክር ነው፤ የሚዘራውን ሰው ግን አልጨመረም።

የብድሩ ነገርም አለ። ትንሹ ገበሬ በክረምት እጁ ባዶ ሲሆን የመንደሩ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ገና ያልደረሰውን እህል በርካሽ ያስይዛል፤ ሸይል ይሉታል። የሱዳን የግብርና ባንክ «ሰለም» በሚባለው እስላማዊ ውል ምርቱን አስቀድሞ ይገዛል። ገበያው ሲወድቅ ወይም ዝናብ ሲቀር ውሉ ገበሬውን ከእስር ቤት ያደረሰባቸው ዓመታት ነበሩ። ባለ 10 ሺህ ፈዳኑ ግን ዕዳው እስኪራዘምለት ድረስ የሚማልድለት ሰው ካርቱም ውስጥ አያጣም።

ወደ እኛ ወገን እንሻገር። ሑመራ ከገዳሪፍ ተምሮ ነበር ማለት ይቻላል፤ በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) ትራክተር የያዙ ባለሀብቶች ሰቲት ዳር ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ማረስ ጀመሩ። የሠራተኛው ጎርፍም ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከኤርትራ ወረደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ያው አዋጅ በግል ይዞታ ላይ ቅጥር ሠራተኛ ማሠራትንም፣ ከአቅመ ደካሞች በቀር፣ ከለከለ። የደጋውን ጭሰኛ ነፃ ያወጣ ሕግ ነው፤ ክብሩ አይነካም። ሑመራ ላይ ግን መሬት ሳይሆን የቀን ዋጋ ጠብቆ የወረደው ሰው ወቅቱን በአንድ ጊዜ አጣው። «መሬት ላራሹ» ሲባል አራሹ የታወቀ ነበር፤ አራሚውን የጠቀሰ አልነበረም።

ከዚያ ጦርነት ነው። ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ በ1969 ዓ.ም. ሑመራንና መተማን ያዘ፤ እርሻው የጦር ሜዳ ሆነ። ደርግ ከወደቀ በኋላ መሬቱ እንደገና ለባለሀብት ይመራ ጀመር፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ከተራቆተው ደጋ ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ ሰው አሰፈረ። ሰፋሪው ከችግር ወጥቷል፤ በመካከሉ ግን ከሁሉም ቀድሞ የነበረው ጉሙዝ እየተገፋ ሄዷል። መተማዎች ዋልያ መቀር የሚሉት የዕጣን ዛፍም ለሰሊጥ ተመነጠረ፤ የቀረውም ችግኙ አድጎ የሚተካው እንዳልሆነ የደን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የሐሻብ ታሪክ በዚህኛው ዳር ተደገመ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ ሰሊጡን ደረጃ ሰጥቶ ዋጋውን በአደባባይ አስነግሯል፤ ይህ ለአምራቹ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ሲወጣ ግን የአጫጁ ድርሻ ከፍ ማለት አለማለቱን የሚለካ ሰሌዳ የለም።

ይህ አጫጅ ሳሉግ ይባላል። ከደብረ ታቦር፣ ከሊቦ ከምከም፣ ከደምቢያ፣ ከበለሳ፣ የራሱን እህል አርሞ ወይም መሬት ጭራሽ የሌለው ሆኖ በነሐሴና በመስከረም ወደ ቆላ ይወርዳል። ቁጥሩ በመቶ ሺዎች ይገመታል። ሰሊጥ የሚያደርሰው ጥድፊያ ክፉ ነው፤ ፍሬው ሲደርስ ቅርፊቱ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ተደርጎ መቆም አለበት። በእነዚያ ሳምንታት የሳሉግ ዋጋ ይወጣል፣ ባለሀብቶች ይሻሙበታል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ግን የሚያየው የለም። ብዙው ከመተማና ከአብደራፊ አልፎ ገዳሪፍ ድረስ ይሻገር ነበር። እዚያ የሱዳን ፓስፖርት የለውም፣ የሠራተኛ ማኅበር የለውም፤ ደላላው ዋጋውን ነግሮት ሲመለስ ሌላ ዋጋ ይቆርጥለታል።

በሽታም ይጠብቀዋል። ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው። ሳሉጉ የሚያድረውም እዚያው ሜዳ ላይ፣ ያለ አጎበር ነው። ሑመራ ላይ ወረርሽኙ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታይቷል፤ ገዳሪፍ ደግሞ በሱዳን ከፍተኛው የካላዛር ምድር ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሊቦ ከምከም ደጋ ላይ በሽታው ሲነሣ፣ ከቆላ እየተመለሱ ያሉ ሠራተኞች እንዳመጡት ተመራማሪዎች ጠረጠሩ። ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት መድኃኒቱም ይከብዳል። አንድ አጎበርና አንድ የመኝታ ዳስ ስንት ያወጣል? ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ያነሰ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ሳሉጉ ግን ዛሬም ዋጋ የሚያገኘው በሰሊጡ መርገፍ ነው።

የድንበሩ መስመር ራሱ በግንቦት 1902 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ ስምምነት ተሰመረ፤ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛዊው ሜጀር ጉዊን ብቻውን፣ የኢትዮጵያ ተወካይ በሌለበት ከለለው። ቅሬታው ከዚያ ይጀምራል። አል ፋሽጋ በተባለው፣ በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ መካከል ባለው ለም መሬት ላይ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ለዓመታት አረሱ፤ ሱዳን የኔ ነው ስትል፣ መንግሥታቱ ደግሞ ነገሩን አለዝበው ሲያቆዩት ቆዩ። በኅዳርና ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሰሜን ኢትዮጵያ በጦርነት ተወጥሮ ሳለ የሱዳን ጦር ገባ፤ ሰሊጡ ሜዳ ላይ እያለ ብዙ ገበሬ ተፈናቀለ። መሬቱ የማን ነው የሚለውን የታሪክና የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ በሁለቱም ወገን የመሬቱ ክርክር ሲሞቅ፣ ያን ዓመት ያልታጨደው ሰሊጥ የማን ዕዳ ሆኖ እንደቀረ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

በዚያው ሰሞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ከትግራይ ሲሻገሩ፣ ገዳሪፍ የኡም ራኩባን ካምፕ እንደገና ከፈተች። ያ ካምፕ በ1977ቱ (ዓ.ም.) ረሃብ ዘመንም ስደተኛ የነበረበት፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም የሞቱበት ነው። ስደተኛው በካምፕ ሲቀመጥ ርዳታ ጠባቂ ይባላል፤ ክረምት ሲመጣ ግን በአካባቢው እርሻ ላይ ሲያርም፣ በመኸር ሲያጭድ ይታያል። ገዳሪፍ ያላት የሥራ ጉልበት ከየጦርነቱና ከየረሃቡ የተጠራቀመ ነው፦ የምዕራብ አፍሪካ ሐጃጅ ዘር፣ የዳርፉር ተፈናቃይ፣ ኤርትራዊ፣ ኢትዮጵያዊ። አንድ አገር «ብሔራዊ» ብላ የምታወጣው የምግብ ፖሊሲ በሌላ አገር ሰዎች እጅ የሚታረም ከሆነ፣ የሰነዱን ስም ትንሽ ሰፋ ማድረግ ይኖርባታል።

ሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ሠራዊትና በተቀናቃኝ ታጣቂ ኃይል መካከል በካርቱም የተነሣው ጦርነት ሒሳቡን ገለበጠው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዋድ መዳኒ ሲወድቅ የገዚራ መስኖ ተቋረጠና ገዳሪፍ ለሱዳን ሠራዊት ግዛት ዋና ጎተራ ሆነች። በቀጣዩ ክረምት ስንጃ ሲያዝ ተፈናቃዩ ሁሉ ወደዚያው ጎረፈ። ባንኩ ተዳከመ፣ ነዳጁ ተወደደ፣ ኢትዮጵያዊው ሳሉግም መንገድ አጣ፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ግጭት የመተማን ጎዳና ዘግቶት ሰንብቷል። ሱዳናውያን ስደተኞች በበኩላቸው ወደ እኛ ተሻገሩ፤ ኩመርና አውላላ ካምፖች ውስጥም ዝርፊያና ጥቃት ገጠማቸው። ነሐሴ 2024 ዳርፉር ውስጥ በዘምዘም ካምፕ ረሃብ መግባቱ በይፋ ሲነገር፣ ገዳሪፍ ውስጥ ገበያው አልተዘጋም ነበር። ከጎተራው እስከ ረሃቡ ያለው መንገድ ነው የታጠረው።

የአፍሪካ መሪዎች በ2003 (እ.ኤ.አ.) ማፑቶ ላይ ከበጀታቸው 10 በመቶውን ለግብርና ለመስጠት ቃል ገቡ፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ማላቦ ላይ ደገሙት። ገንዘቡ ቢገኝም እንኳ በዚህ ድንበር የመጀመሪያው ጥያቄ በጀት አይደለም። ኪራዩ መሬቱን የሚያስከብር ዋጋ ይኑረው፤ ያሳረፈ ቅናሽ፣ ያደከመ ጭማሪ ይክፈል። የዛፉ 10 በመቶ በየዓመቱ ይለካ፤ ዛሬ በሳተላይት ለመለካት ሰው ማሰማራትም አያሻም። የከብቱ መንገድ በካርታ ሳይሆን በድንጋይ ይከለል። እህል የሚደጎም ከሆነ የሚዘራው ማሽላም ይደጎም። በእኛ በኩል በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ የባለይዞታውን መብት አጠናክሯል፤ መሬት የሌለው አራሚ ግን ከድሮው ቦታው አልተንቀሳቀሰም። ለእሱ የሚሆን ሕግ የመሬት ሳይሆን የሠራተኛ ጉዳይ ነው እየተባለ፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የግብርና ነው ይባላል።

አል ፋሽጋ ላይ ድርድር አንድ ቀን መቀጠሉ አይቀርም። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ከወዲሁ ይታወቃሉ፦ ሁለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች፣ ሁለት ጦሮች፣ ምናልባት አንድ የገልፍ አገር አደራዳሪ። የመተማ ሰሊጥ አምራቾች ማኅበር፣ የገዳሪፍ ገበሬዎች ኅብረት፣ የሹክሪያ አርቢዎችና ለሁለቱም አገር ሲያርም የኖረው ሳሉግ ከተጠሩ፣ አጀንዳው ከመስመሩ ወደ ወቅቱ ይዞራል፤ በነሐሴ ማን ይሻገራል፣ በስንት ዋጋ፣ ታሞ ሲመለስ ማን ያሳክመዋል፣ ከብቱስ በየት ያልፋል። ካልተጠሩ ግን መስመሩ የትም ቢሰመር በሁለቱም ወገን የሚታረሰው ያው በ1944ቱ ስሌት ነው።